ሊማ ዱዋርቴ፦ ከራዲዮ ድምፅ ክፍል እስከ ሲንዮዚንዮ ማልታ
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ስለ ብራዚል ተከታታይ ድራማ ከላካችሁልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ አንጋፋ ተዋናይ ዙሪያ ያጠነጠኑ ስለሆኑ በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ተመሳሳዮቹን አጣምረናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሊማ ዱዋርቴ ትክክለኛ ስሙ አይደለም ሲባል ሰማሁ። ለመሆኑ ማን ነው? ወደ ትወናስ እንዴት ገባ? (ከአዳማ)

የሰሙት እውነት ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አሪክሌኔስ ቬናንሲዮ ማርቲንስ ነው። የተወለደው ማርች 29 ቀን 1930 በሚናስ ዤራይስ ክፍለ ግዛት፣ በሳክራሜንቶ ሥር ባለችው ዴዜምቦኪ በተባለች ትንሽ መንደር ነው። እናቱ በሰርከስ መድረክ ላይ ትጫወት ነበር። ዕድሜው 15 ዓመት ገደማ ሲሆን ማንጎ በጫነ መኪና ተሳፍሮ ሳኦ ፓውሎ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ራዲዮ ቱፒ ተቀጠረ።

የተቀጠረው ግን ለትወና አልነበረም። ሥራው ድምፅ ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን የራዲዮ ድራማ አድማጩን የሚይዘው በጆሮው ብቻ ነውና ድምፅ ክፍል የሚሠራ ሰው ፀጥታ መቼ እንደሚያስፈራ፣ ትንሽ ኮሽታ መቼ ከረጅም ንግግር እንደሚበልጥ በየቀኑ ይማራል። ስለዚህ ሰው ትወና የምንለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

በራዲዮ ድራማ መጫወት ሲጀምር "አሪክሌኔስ" ለአርቲስት አይሆንም ተባለ። እናቱ የመናፍስት እምነት ተከታይ ነበረችና የሚመራኝ የምትለውን መንፈስ ስም ሰጠችው፤ ሊማ ዱዋርቴ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እንደ ልጁ ያሳደጋት ዴቦራ ዱዋርቴና የልጅ ልጁ ፓሎማ ዱዋርቴም የታወቁ ተዋናዮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ቴፕ ባልነበረበት ጊዜ ድራማ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር ይባላል። ተዋናዩ ቃል ሲጠፋበት ምን ይደረግ ነበር? (ከባሕር ዳር)

ቲቪ ቱፒ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1950 ሥራ ሲጀምር በደቡብ አሜሪካ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። መሥራቹ የጋዜጣና የራዲዮ ባለሀብቱ አሲስ ሻቶብሪያን ነው። ሊማ ዱዋርቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። በዲሴምበር 1951 የተጀመረው የአገሪቱ የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያውም በአጭር በአጭሩ፣ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ሊማም ተጫውቶበታል።

በቀጥታ ስርጭት ትልቁ ችግር የነበረው ከራዲዮ የመጡት ተዋናዮች ወረቀት እያነበቡ መጫወት የለመዱ መሆናቸው ነው። ቴሌቪዥን ላይ ወረቀቱ ከእጃቸው ተወሰደ። ቃል የጠፋበትን ተዋናይ የሚያድነው አጠገቡ ያለው ነው፤ የጠፋውን ዐረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ ለውጦ ያቀብለዋል። "ታዲያ ወንድምህ ዛሬ ከሳንቶስ አይመጣም ልትለኝ ነው?" ሲለው የጠፋበት ሰው "አዎ" ብሎ መቀጠል ይችላል። ዳይሬክተሩም በዚያች ቅጽበት ካሜራውን ወደሚናገረው ሰው ያዞራል። ይህ እንዲሠራ ተዋናዩ ከራሱ ቃል በተጨማሪ የጓደኛውንም ማወቅ ነበረበት። ሊማ ለረጅም ዓመታት የኖረበት ዘዴ ይህ ነው፤ አብሮት የሚጫወተውን ሰው ከልቡ እንደሚያዳምጥ በኋለኞቹ ሥራዎቹ ላይም በግልጽ ይታያል።

ከዚያ ዘመን የቀረልን ተንቀሳቃሽ ምስል ግን የለም ማለት ይቻላል። አየር ላይ የዋለ ነገር ያኔውኑ አለቀለት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቴፕ ሲመጣ በየቀኑ የሚታይ ድራማ ማዘጋጀት ተቻለ፤ የመጀመሪያው በ1963 በቲቪ ኤክሴልሲዮር የቀረበው ነው። ይሁንና ቴፕ ውድ ስለነበር በአንዱ ላይ ደጋግሞ ይቀረጽበት ነበርና ከዚያ በኋላም ብዙ ሥራ ጠፍቷል።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተርም ነበር ይባላል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

አዎ፣ ያውም የአገሪቱን ድራማ አቅጣጫ ካስለወጡት አንዱ። ከ1968 እስከ 1969 በቲቪ ቱፒ የታየውን "ቤቶ ሮክፌለር" ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ሆኖ መርቷል። ደራሲው ብራውሊዮ ፔድሮዞ፣ ዋናው ተዋናይ ሉዊስ ጉስታቮ ነበሩ። ከዚያ በፊት የሚታዩት ድራማዎች በብዛት ሼኮች፣ መኳንንት፣ ሩቅ አገርና ያለፈ ዘመን ነበሩ። ተዋናዩም እንደ መጽሐፍ ይናገር ነበር። "ቤቶ" ግን የሳኦ ፓውሎ ጫማ ሻጭ ነው፤ ሀብታም መስሎ ከሀብታሞች ጋር ይውላል፣ ይዋሻል፣ ይጋለጣል፣ እንደገና ይዋሻል። ንግግሩ የመንገድ ንግግር ነው፤ ሙዚቃውም በዚያ ሳምንት ሰው የሚሰማው ዘፈን ነው። ተዋናዮቹ ከጽሑፉ ወጣ ብለው እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። ዛሬ ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስለናል፤ ያኔ ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ውሸታም ሆኖ ተመልካች እንዲወደው ማድረግ ትልቅ ድፍረት ነበር። የሚያሳዝነው አብዛኛው ቅጂ ተሰርዟል።

በ1972 ግሎቦ ወደተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲሄድም የተወሰደው ለዳይሬክተርነት ነበር።

ጥያቄ፦ ዜካ ዲያቦ የተባለው ገጸ ባሕርይ ለምን ይህን ያህል ታወቀ? (ከሐዋሳ)

"ኦ ቤም አማዶ" በ1973 ግሎቦ ላይ የታየ፣ 178 ክፍል ያለው፣ በብራዚል የመጀመሪያው ባለቀለም ተከታታይ ድራማ ነው። ደራሲው ዲያስ ጎሜስ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሱኩፒራ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ከንቲባ የሆነው ኦዶሪኮ የመቃብር ቦታ እሠራለሁ ብሎ ተመረጠ። መቃብሩ ተሠራ። የሚሞት ሰው ግን ጠፋ፤ ምርቃቱም ቀረ። ከንቲባው ሬሳ ፍለጋ ብዙ ሞከረ፤ በመጨረሻ ዜካ ዲያቦ የተባለውን የታወቀ ነፍሰ ገዳይ ወደ ከተማው አስመጣ። ገዳዩ ግን ንስሐ ገብቶ ነበር፤ ሰው ላይገድል ለፓድሬ ሲሴሮ ተስሏል። ፓድሬ ሲሴሮ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ሕዝብ እንደ ቅዱስ የሚያከብራቸው ካህን ናቸው። መጨረሻ ላይ ዜካ ዲያቦ ስእለቱን አፍርሶ አንድ ሰው ይገድላል፤ የሚገድለውም ራሱን ከንቲባውን ነው። መቃብሩም በኦዶሪኮ ተመረቀ።

ኦዶሪኮን የተጫወተው ፓውሎ ግራሲንዶ ነው። ገዳዩን የተጫወተው ሊማ ነው፤ ዘዴውም ድምፁን ማቅጠን ነበር። ስሙ ሲጠራ ከተማው የሚበተንለት ሰው አፉን ሲከፍት እንደ ልጅ የቀጠነ፣ ትሑት፣ የሚለምን የሚመስል ድምፅ ይወጣዋል። ወፍራም ድምፅ ቢሰጠው ኖሮ ተመልካች የሚያውቀው ተራ ሽፍታ ይሆን ነበር። በቀጭኑ ድምፅ ግን ሁለት ነገር አብሮ መጣ፦ ሰውየው ከልቡ እንደተለወጠ እናምናለን፤ ቁጣው ሲመለስ ደግሞ ድምፁ አለመለወጡ ይበልጥ ያስፈራል።

ወቅቱ የወታደራዊ መንግሥት ዘመን ነበርና (ከ1964 እስከ 1985) ሳንሱሩ በዚህም ላይ እጁን አሳረፈ። ኦዶሪኮ "ኮሎኔል"፣ ዜካ ዲያቦ "ካፒቴን" ተብለው እንዳይጠሩ ታገደ። በተቀረጹት ክፍሎችም ቃላቱ ያሉበት ድምፅ ተቆርጦ ወጣ።

ጥያቄ፦ "ሮኪ ሳንቴይሮ" በ1975 ታግዶ በ1985 እንደገና ተሠራ የሚባለው ለምንድን ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ይህም የዲያስ ጎሜስ ሥራ ነው። አዛ ብራንካ የምትባል ከተማ ከሽፍታ ሲከላከልላት ሞተ በተባለው በሮኪ ስም ትኖራለች። ሰውየው እንደ ቅዱስ ይታያል፤ ተአምር ፈላጊ ይጎርፋል፤ ነጋዴውም ባለሥልጣኑም ከዚያ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ሰውየው በሕይወት ተመልሶ ይመጣል። የመጣው እውነት ሁሉንም ሊያከስር ነው።

በ1975 ድራማው ሊጀመር ቀን ተቆርጦለት፣ በርካታ ክፍሎች ተቀርጸው፣ ማስታወቂያው ሁሉ ተነግሮ አለቀ። መጀመሪያው ክፍል ሊታይ በነበረበት ቀን፣ ኦገስት 27፣ ታገደ። የዜና አንባቢው ሲድ ሞሬይራ በምሽቱ ዜና የጣቢያውን መግለጫ አነበበ። ዋናው ምክንያት በኋላ ታወቀ፦ የጸጥታ ሰዎች የደራሲውን ስልክ ሲጠልፉ፣ ድራማው በ1965 ከታገደው የራሱ የመድረክ ተውኔት የተወሰደ መሆኑን ለታሪክ ጸሐፊው ኔልሰን ቬርኔክ ሶድሬ ሲናገር ሰምተዋል።

ግሎቦ ክፍተቱን አንድ የቆየ ድራማ አሳጥሮ በመድገም ሞላው። በዚያ መሐል ደራሲዋ ዣኔቺ ክሌር፣ የዲያስ ጎሜስ ባለቤት፣ "ፔካዶ ካፒታል"ን በጥድፊያ ጻፈች። የታገደው ድራማ ዋና ተዋናዮች ፍራንሲስኮ ኩኦኮ፣ ቤቲ ፋሪያና ሊማ ዱዋርቴ ወደዚህ ተዛወሩ። ሊማ ሳልቪያኖ ሊዝቦአ የተባለ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ የገፋ ባለፋብሪካ ሆኖ የፋብሪካ ሠራተኛዋን ሉሲንያን ይወዳታል። እስከዚያ ድረስ አስቂኝና ገጠሬ ሆኖ የሚታወቅ ሰው የፍቅር ታሪክ መሸከም መቻሉ የታየው በዚህ ነው። እገዳው ባይመጣ ይህን ሚና አያገኝም ነበር።

አምባገነናዊው አገዛዝ ባበቃበት በ1985 "ሮኪ ሳንቴይሮ" በአዲስ ቀረጻ ተመለሰ፤ ከጁን 1985 እስከ ፌብሩወሪ 1986 በ209 ክፍሎች ታየ። አጉዋናልዶ ሲልቫ በድርሰቱ ተባብሯል። ሮኪን ዦዜ ቪልኬር፣ የሮኪ መበለት ናት የምትባለውን ፖርሲናን ሬዢና ዱዋርቴ ተጫወቱ (ሬዢና ከሊማ ጋር ዝምድና የላትም)። ከብት አርቢውን ባለጸጋ ሲንዮዚንዮ ማልታን ግን በ1975ም በ1985ም የያዘው ሊማ ነው። መጨረሻ ላይ ፖርሲና የምትመርጠው ከሮኪ ይልቅ ማልታን ነው።

ጥያቄ፦ በአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማ እጫወታለሁ። በረጅም ድራማ ውስጥ የማይረሳ ገጸ ባሕርይ መፍጠር የሚቻለው እንዴት ነው? ስክሪፕትም ዘግይቶ ይደርሰኛል። (ከአዲስ አበባ)

እህታችን፣ ሲንዮዚንዮ ማልታን እንውሰድልሽ። ማልታ ክርክር ሲዘጋ የወርቅ አምባር ያለበትን አንጓ ከፍ አድርጎ ያርገፈግፋል፣ አምባሩም ያንሻክካል፤ "ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?" ይላል። አገሩ ሁሉ ይህን ይደግመው ነበር። የድምፅ ክፍል ልጅ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሰውየውን ካሜራው ባያሳየው እንኳ መግባቱን በጆሮሽ ታውቂዋለሽ።

እንዲህ ያለ ምልክት ስትመርጪ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከገጸ ባሕርይዋ ፍላጎትም ይምጣ። የማልታ እጅ የሚነሳው ሰው እንዳይመልስለት ሲፈልግ ነው፤ ጥያቄው ጥያቄ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ለራስሽ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ምልክቱ መቼ ይመጣል፣ በማን ፊት ይመጣል፣ በማን ፊት ፈጽሞ አይመጣም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ምልክቱ በአንድ ሰው ፊት ሲጠፋ ተመልካች ያቺ ሴት ማንን እንደምትፈራ ወይም እንደምትወድ ሳይነገረው ያውቃል። በየትዕይንቱ ከደጋገምሽው ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሰለቻል።

ከዚያ የካሜራና የማይክ ጉዳይ አለ። እጅሽ ወገብሽ ላይ ሆኖ የምታደርጊው ነገር ፊት ብቻ በሚታይበት ቀረጻ ውስጥ አይገባም፤ ትከሻሽ ጋ ካልደረሰ ለማንም አይታይም። የሚጮኽ ጌጥ ከሆነ ደግሞ በምትናገሪበት ቅጽበት አታንቀሳቅሺው፤ ደረት ላይ ያለው ማይክ ድምፁን ከቃልሽ ጋር ስለሚቀላቅለው በኤዲቲንግ ሊለዩት አይችሉም። መጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሺ፣ ቀጥሎ እጁ። አለዚያም ጌጡን አጥብቀሽ እንዳይጮኽ አድርጊና ድምፁ በኋላ እንዲጨመር ድምፅ ባለሙያውን ጠይቂ።

ስክሪፕት የመዘግየቱ ነገር በብራዚልም ያለ ነው፤ ድራማው እየታየ ይጻፋልና። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስለሚተላለፍ ደራሲው በሳምንት 6 ክፍል ማድረስ አለበት። ተመልካች የወደደው ገጸ ባሕርይ ይሰፋል፣ ያልወደደው ጉዞ ይሄዳል ወይም ይሞታል። ቀረጻው ደግሞ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ በአንድ ሳሎን ውስጥ ያሉት የሳምንቱ ትዕይንቶች በአንድ ቀን ይቀረጻሉ። የሚያሰናክለው እዚህ ላይ ነው፦ ተዋናይዋ በክፍል 42 የምትሰማውን ምስጢር በክፍል 40 ትዕይንት ላይ ፊቷ አስቀድሞ ያወጣዋል።

መድኃኒቱ ደብተር ነው። ስክሪፕቱ እንደደረሰሽ ቃል ለመሸምደድ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ የሳምንቱን ሁሉ አንዴ አንብቢ። ቀጥሎ ያንቺን ትዕይንቶች ብቻ አውጥተሽ ለእያንዳንዱ ጻፊ፦ በታሪኩ ውስጥ ስንተኛው ቀን ነው፣ ከየት መጣሁ፣ እስከዚህ ድረስ ምን አውቃለሁ፣ ምን ለብሻለሁ። ልብስና ፀጉርን የሚከታተል ባለሙያ ቢኖርም "ምን አውቃለሁ" የሚለውን የሚይዝልሽ የለም። ከዚያ ቃሉን ስትይዢ የጓደኛሽን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አብረሽ ያዢ፤ ጮክ ብለሽ፣ ግን ያለ ዜማ አጥኚው። ቤትሽ ውስጥ በዜማ ካጠናሽው ስቱዲዮ ስትደርሺ ዳይሬክተሩ ሌላ ነገር ሲጠይቅሽ ቃሉም አብሮ ይጠፋብሻል።

ጥያቄ፦ በብራዚል ለተዋናይ የሚሆን ሕግ አለ? (ከሪያድ)

አለ። በሜይ 24 ቀን 1978 የወጣው ሕግ ቁጥር 6533 ነው፤ ሊማ ወደ 30 ዓመት ከሠራ በኋላ የመጣ ማለት ነው። ተዋናይ ለመሆን ሙያዊ ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ለዚያም የከፍተኛ ትምህርት ዲፕሎማ፣ ወይም የሙያ ትምህርት ምስክር ወረቀት፣ ወይም ከሙያ ማኅበር የችሎታ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ለራዲዮና ቴሌቪዥን ቀረጻ የሥራ ሰዓት በቀን 6፣ በሳምንት 30 ነው፤ ልምምድና ሜካፕ የሚወስደው ጊዜም ይቆጠራል። የሚጠናው ጽሑፍ ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ ለተዋናዩ መድረስ አለበት ይላል። ከሁሉ የሚጠቅመው አንቀጽ ግን የተዋናዩን መብት ጠቅልሎ መሸጥን የሚከለክለውና ክፍያው ሥራው በታየ ቁጥር እንዲታሰብ የሚያዘው ነው። የአገራችን ተዋንያን ውል ሲፈርሙ "ድጋሚ ሲታይስ?" የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ ማስገባት ቢለምዱ እንወዳለን፤ በቃል የተባለው ከጊዜ በኋላ ማስረጃ የለውም።

ጥያቄ፦ የካርቱን ድምፅ ሠርቷል? (ከመቀሌ)

ሠርቷል። "ቶፕ ካት" የተባለው የድመቶች ካርቱን በ1960ዎቹ ወደ ፖርቹጋልኛ ሲመለስ የዋናው ድመት ድምፅ የእሱ ነው። ቃና ላይ በአማርኛ የተመለሱ ድራማዎችን የሚከታተል ሁሉ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገምታል፤ የተዋናዩን አፍ መዘጊያና መከፈቻ እየጠበቁ መናገር ትንፋሽን በልክ ያስይዛል።

ጥያቄ፦ ሥራዎቹን ማየት ብፈልግ ከየትኛው ልጀምር? (ከቴል አቪቭ)

ፖርቹጋልኛ የማይሰሙ ከሆነ ከፊልም ይጀምሩ፤ አጭር ነው፣ የትርጉም ጽሑፍ ያለው ቅጂም ማግኘት ይቀላል። በ2000 የወጣው፣ አንድሩሻ ዋዲንግተን የመራው "ኤው ቱ ኤሌስ" ውስጥ ኦዚያስን ተጫውቷል፤ ሦስት ባሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖረች የሰሜን ምሥራቅ ገጠር ሴት ታሪክ ሲሆን እሱ በዕድሜ ትልቁ ባል ነው። በዚያው ዓመት ማኖኤል ዴ ኦሊቬይራ በሠራው ፊልም ውስጥ ደግሞ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰባኪ አባ አንቶኒዮ ቪዬይራን በእርጅና ዘመናቸው ሆኖ ይታያል፤ ረጅም ስብከት በድምፅ ብቻ እንዴት እንደሚያዝ ለመማር ከዚህ የተሻለ አናውቅም። "ሳርዠንቶ ዤቱሊዮ" (1983) ጭካኔ ስላለበት ለቤተሰብ አይሆንም፤ ሆኖም በግራማዶ ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ያገኘበት ነው።

ተከታታዮቹን ለማየት የግሎቦ የኢንተርኔት ማሳያ ግሎቦፕሌይ የቆዩ ድራማዎችን ያወጣል፤ ቋንቋው ፖርቹጋልኛ ነው። "ኦ ቤም አማዶ"ን ከመጀመሪያው ይያዙ። "ኦ ሳልቫዶር ዳ ፓትሪያ" (1989) ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል የቀን ሠራተኛ ሳሳ ሙቴማ ከአስተማሪዋ ፊደል ተምሮ፣ የፖለቲከኞች መሣሪያ ሆኖ ከንቲባ እስከ መሆን የሚደርስበት ነው። ብራዚላውያን ከ1960 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ በመረጡበት ዓመት የታየ መሆኑን ይዘው ይመልከቱት፤ ሳሳ ፊደል ከቆጠረ በኋላ አነጋገሩ ቀስ በቀስ የሚለወጥበትን መንገድ ለመስማት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሳምንት ክፍሎች ጎን ለጎን ማድረግ ይበቃል።